ከአጥሩ ማዶ የነበረው ወተት

ልጄ የተወለደችው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ደባርቅ ላይ ውርጩ ጎመኑን የሚያቃጥልበት ጊዜ። ባለቤቴ የፓርክ ጥበቃ ነበር። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ የሚባለው ጣቢያ ወጥቶ ሁለት ወር ይቀመጥና ለሳምንት ያህል ወርዶ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ተራራው ላይ ሽፍታ አለ፣ አማፂ ገብቷል እየተባለ እረፍታቸው ይሰረዝ ነበር። ልጅቱ መወለዷን እንኳ የሰማው እህል ጭነው ወደዚያ ከሚወጡ ባለበቅሎዎች ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተችብኝ ሊያርሱኝ የመጡት አማቴ ናቸው፤ ከዳባት ወዲያ ካለ ገጠር፣ አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት በአህያ አስጭነው።

ድሆች ነበርን ለማለት ይተናነቀኛል። ደመወዝተኞች እኮ ነበርን። በሰፈሩ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ነው የምባለው። ግን ያ ደመወዝ እጃችን ሳይደርስ ነበር የሚያልቀው። ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፣ ለድርቅ ይቆረጣል፣ ለቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ይቆረጣል። የተረፈውን ባለቤቴ በሰው ይልክልኛል፤ እኔም ለእህል፣ ለላምባ፣ ለሳሙና ስደለድለው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከእጅ ወደ አፍ እንሆናለን። እንዲያም ሆኖ ልጅ ስናስብ አልፈራንም። ሕፃን ምን ያስወጣል? ጡቱ ከእናቷ፣ መጠቅለያዋ ከአሮጌ ነጠላ። ወጪ ብዬ ያሰብኩት የክርስትናዋን ድግስ ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና፣ ሰማንያ ቀን አለኝ፣ ትንሽ ትንሽ አጠራቅማለሁ ብዬ ነበር። አይ እኔ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀኝ ጡቴ ተቆጣ። አማቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። አልሻለኝም። ጡቴ ድንጋይ ሆነ፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር፤ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄጄ ቁስል አካሚው ድሬሰር በምላጭ ቀደደልኝ። የዚያ ሳምንት የመርፌና የመድኃኒት ወጪ ለክርስትናዋ ካስቀመጥኩት ላይ ግማሹን በላው። ቁስሉ ዳነ፤ ወተቱ ግን ከሁለቱም ደረቀ። ሃያ ቀን ሲሞላት ልጄ ጡቴን ይዛ ትጎትታለች፣ ትጎትታለች፣ ከዚያ ለቅቃ ትጮኻለች። አማቴ የተልባ ውሃ አጠጡኝ፣ የአጃ አጥሚት አጠጡኝ፣ ጀርባዬን በቅቤ አሹኝ። ምን ያደርጋል፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

ደባርቅ ዙሪያ ላም ሞልቷል። ችግሩ ላሙ አልነበረም። የኛ አገር ገበሬ ቅቤ ይሸጣል እንጂ ወተት አይሸጥም፤ ነውር ነው። ወተት የሸጠች ሴት ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ሸጠች ተብላ ትታማለች። የአራስ ወጉ ከቤት አለመውጣት ነው፤ ማን ወግ አለው ብዬ ገንዘቤን በመሐረብ ጫፍ ቋጥሬ ከከተማው ወጣ ብላ ከምትኖር አንዲት ባለላም ሴት ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋ ተቆጣችኝ። እንዴት ሽጪልኝ ትይኛለሽ፣ ምን አይተሽብኝ ነው አለችና አንድ ቅል ሙሉ በነፃ ሰጥታ መርቃ ሸኘችኝ። በማግስቱ ሄድኩ፣ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ፤ ሰጠችኝ፣ ግን ፊቷ ሌላ ነበር። የገና ጾም ገብቷል፤ ወተቱን ለበዓል ገበያ ቅቤ እየናጡት ነው። የሚሸጥ ቢሆን በየቀኑ ገንዘቤን ይዤ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። የሚሰጥ ነገር ግን ስንት ቀን ይኬዳል? በአራተኛው ቀን እግሬ እንቢ አለኝ።

የቀረኝ የጣሳ ወተት ነው። እሱ ደባርቅ አይገኝም፤ ጎንደር ነው ያለው፣ እሱም ከተገኘ። የአውቶቡስ ሾፌር ለምኜ፣ ለድካሙም ጨምሬ አስመጣሁ። አንዷ ጣሳ ከወር ደመወዛችን ሩቡን ወሰደች። ጣሳው ላይ ጉንጩ የተነፋ የፈረንጅ ሕፃን ተስሏል፤ አማቴ እሱን አይተው የኛዋም እንዲህ ልትሆን ነው ብለው ሳቁ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት የአማርኛውን ፊደል ቆጥሬያለሁ እንጂ ያንን አላውቀውም። ሾፌሩ ከጎንደሩ ባለሱቅ የሰማውን ነገረኝ፤ ለአንድ ጠርሙስ አምስት ማንኪያ ነው አለኝ።

አምስት አምስት ሳደርግላት ጣሳው በሳምንቱ ተጋመሰ። ሌላውን በምን ልገዛው ነው? ቀበሌ ሱቅ ሄጄ ለሕፃን የሚሰጥ ተጨማሪ ራሽን ካለ ብዬ ብጠይቅ ባለሱቁ ስኳር ትልሳለች እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። ተሰልፈው የነበሩት ሴቶችም ሳቁ፤ እኔም እንዳይከፋኝ አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ማንኪያውን አራት አደረግሁት። ከዚያ ሦስት። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሁለት ነበር። ነጭ እስከሆነ ድረስ ወተት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ይህን ለአማቴም አልተናገርኩም። እሳቸው ጠጥታም ታለቅሳለች፣ የሰው ዓይን ነው እያሉ አንገቷ ላይ ጤና አዳም ሲያስሩላት እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። በኛና በእሷ ግቢ መካከል ያለው የጭራሮ አጥር ብቻ ነው። እስላም ናት፤ ጨውና በርበሬ፣ ሲገኝ ደግሞ አቡጀዲ፣ ደባርቅና ዳባት ገበያ እየወጣች የምትሸጥ ጎበዝ ሴት። ከኔ ዐሥር ቀን ቀድማ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ስኳር ሲያልቅብኝ ከራሽኗ ታካፍለኛለች፤ እኔም ለልጇ መጠቅለያ ከጋቢዬ ቀድጄ ሰጥቻታለሁ። ሥጋ ብቻ ነው የማንበላላው። እሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ አናነሳውም። ወተቷ ይበዛባት ነበር። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ጡቷን መሬት ላይ ስታልበው አያለሁ። እያየሁ ፈጣሪዬን አማሁት፤ እውነቱን ልናገር።

አንድ ቀን የልጄን ለቅሶ ሰምታ ወደ አጥሩ መጣችና በሽንቁሩ አየችኝ።

«ለኔ ወተት አንድ ልጅ አነሰው፣ ይኸው በየቀኑ እደፋዋለሁ» አለችኝ። «አምጪያትና ላጥባት። ማንም አያይም።»

ይህን የሚሰማ ሰው አማቷ ናቸው የከለከሏት ይል ይሆናል። አይደለም። አማቴ ጓዳ ነበሩ፣ አልሰሙም። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የጣሳ አለኝ፣ ይበቃታል ብዬ ሸኘኋት። ልጄ የእስላም ጡት ጠባች ቢባል ካህናቱ ክርስትና አናነሳም ይሉኛል፣ የክርስትና እናት የምትሆናት ትጠፋለች፣ ነገ ስታድግ ሰው እየጠቆመ ያሳያታል ብዬ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ሥጋቸው ካልተበላ ወተታቸውስ እንዴት ይጠባል ብዬ በራሴ ፈረድኩ። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ጠየቀችኝ፤ አሁን ድምፅዋ ዝግ ብሎ ነበር፣ አጥሩንም በእጇ ይዛዋለች። ሁለተኛም ይበቃታል አልኳት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ወተቷን ስታልብ ወደ ቤቷ ጓሮ ትዞር ጀመር፣ እንዳላያት።

መጠየቅ እችል ነበር። የነፍስ አባታችን ቤት ከኛ ቁልቁል ነው፤ ቢጣሩ ያሰማል። በወለድኩ ሰሞን መጥተው ቤቴን ጸበል የረጩልኝ እሳቸው ናቸው። ግን ከዚያ ወዲህ እሸሻቸው ነበር። የነፍስ አባት ቤት ሲገቡ ባዶ ገበታ አይቀርብላቸውም፤ ጠላው፣ እንጀራው፣ ወጡ ይሰናዳል። እኔ ቤት ጌሾ የለ፣ ብቅል የለ፤ የምንበላውም ዱቄት የአማቴ ስልቻ ነው። በዚያ ላይ ካገኙኝ ለክርስትናው ምን ተዘጋጀ ይሉኛል። ለክርስትናው የቀረችኝ ገንዘብ ደግሞ ጣሳ ሆናለች። አንድ ቀን መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ ከሩቅ አይቼ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ የማላውቀው ሰው ግቢ ገባሁ። አማቴንም፣ ቤት ከመጡ ተኝታለች ይበሏቸው አልኳቸው። እውነትም መጡ። ከደጅ ሆነው እናትና ልጅ እንዴት ናቸው አሉ። አማቴ ደኅና ናቸው፣ ተኝተዋል አሉ። ባርከው ሄዱ። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ተንፈስ አልኩ። አሁን ሳስበው ያ ትንፋሽ ያንገበግበኛል።

ገና አምስት ቀን ሲቀረው ልጄ ማልቀስ ተወች። አማቴ እፎይ፣ አደብ ገዛች አሉ። እኔ ግን ደነገጥኩ። የጭኗ ቆዳ ተልፈስፍሶ በእጄ ይታጠፋል። አዝዬ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ድሬሰሩ ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሳና ነቅነቅ አድርጎ አየው። ስንት ማንኪያ ነው የምታደርጊላት አለኝ። አምስት አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ። ያኔ አለቀስኩ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንደር ውሰጃት አለኝ። የአውቶቡሱን፣ የማደሪያውን፣ የመድኃኒቱን በልቤ ስደምር የሚለውን እየሰማሁት አልነበረም። ደመወዝ እስኪደርሰን ስምንት ቀን ይቀራል፤ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ቤቴ ውስጥ የለም። ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠርቶ፣ በሰፈርሽ የምታጠባ ሴት የለችም ወይ አለኝ።

ወደ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። በርበሬ ስትቀነጥስ ነበር። ልጄን ዘረጋሁላት። እሷም ተነሳች። በርበሬው ልጅቱን እንዳያቃጥላት እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ውሃውን የማፈስላት እኔ ነኝ፤ ያ መታጠብ አላልቅ አለኝ። ከዚያ ጡቷን አውጥታ አፏ ላይ አደረገችላት። ልጄ አልያዘችውም። አፏን ከፍታ እዚያው ላይ ተኛች። ጎረቤቴ በጣቶቿ እየጨመቀች ከንፈሯ ላይ ታንጠባጥብላታለች፣ ወተቱ በጉንጯ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። እሷ በለሆሳስ ቢስሚላህ ትላለች፣ እኔ ማርያም ማርያም እላለሁ።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። ገበያዋን ትታ፣ ልጇን አዝላ፣ እኛ ቤት ዋለች። አማቴ መጀመሪያ ሲያዩዋት ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ከዚያ መከዳ አምጥተው ከጀርባዋ አደረጉላት። በሁለተኛው ቀን ልጄ ሦስት አራት ጊዜ ዋጥ አደረገች። ሦስታችንም ጉሮሮዋን እያየን ነበር። ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ተለወጠ። አማቴ እኔን ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ልጅቱ ሳትጠመቅ እንዳታልፍ የነፍስ አባታችንን ሊጠሩ ነበር የሄዱት።

የነፍስ አባታችን ጎንበስ ብለው ሲገቡ ጎረቤቴ ልጄን ደረቷ ላይ እንደያዘች መደቡ ላይ ነበረች። ልነሳ አለች። እኔም የምለው ጠፍቶኝ፣ አባቴ ይፍቱኝ፣ ቸግሮኝ ነው፣ ከትናንት ወዲያ ነው የጀመረችው እያልኩ ቀባጠርኩ። እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። እሷንም ተቀመጪ አሏት።

«ወተት ካጣች ስንት ጊዜዋ ነው?» አሉኝ።

«ከሃያ ቀኗ ጀምሮ ነው፣ አባቴ።»

«ይቺስ? ጎረቤትሽ ናት?»

«አዎ። ከአጥሩ ማዶ።»

መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ሳይቆጡ፣ እንደደከመው ሰው ሆነው ተናገሩ።

«ብትጠይቂኝ ታጥባት እልሽ ነበር፣ ልጄ። ነፍስ ነው እኮ። ጸበል ረጭቼ ክርስትናዋን አነሳት ነበር፣ ሌላ ምን አለው? እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ።»

ጎረቤቴ ልጄን ለአማቴ አቀብላ ወደ ደጅ ወጣች። የነፍስ አባታችን በሰማንያ ቀን የሚሆነውን ክርስትና ለሞት የቀረበች ስለሆነች በስድሳ ምናምን ቀኗ፣ በገበቴ ውሃ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ፈጸሙላት። ሲጨርሱ አማቴ የሚያቀርቡት አጥተው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አባታችን ውሃ ስጡኝ አሉ። በጣሳ ሰጠናቸው፣ ጠጡ፣ መርቀውን ሄዱ። ያ ሁሉ ሽሽቴ ለዚህ ነበር። ምን ላቅርብላቸው ብዬ።

ልጄ በገና ዋዜማ አረፈች። የሰፈሩ ሴቶች ለበዓሉ ሽንኩርት ሲከትፉ ነው እኛ የቀበርናት። ተጠምቃለች፣ መልአክ ናት፣ አታልቅሺ አሉኝ። አላለቀስኩም። የሚያለቅስ እኮ የቀረው ነገር ያለ ሰው ነው። የኔ ደረት ውስጡ እንደ ጡቴ ደርቆ ነበር። ማታ አማቴ እህል እንድቀምስ ለመኑኝ፤ እሳቸውን ደስ ይበላቸው ብዬ ጎረስኩ።

ባለቤቴ የወረደው ከገና በኋላ በዘጠነኛው ቀን ነው። መርዶውን የሰማው በመንገድ ላይ ቡይት ራስ ሲደርስ ነው። አንድም ቀን አቅፏት አያውቅም። ቤት ገብቶ ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደገፈና ምን ሆና ነው አለኝ። ጡቴ ደረቀ፣ የጣሳ ወተት ጠፋ፣ በመጨረሻ ጎረቤታችን አጠባቻት፣ አልሆነም አልኩት። ማንኪያውን አልነገርኩትም። አጥሩንም አልነገርኩትም። እሱ ደግ ሰው ነበር። ከመንገድ የመጣበትን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ ተነሳና ጎረቤታችንን ላመስግናት ብሎ ወጣ። ተከተልኩት።

በሯ ላይ ተቀምጣ ልጇን እያጠባች ነበር። ባለቤቴ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ውለታሽን አልረሳውም» አላት። «ምነው ግን ቀደም ብለው ነግረውሽ ቢሆን።»

ጎረቤቴ በልጇ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝ። ብዙም አላየችኝም።

«አልሰማሁም ነበር» አለችው። «ብሰማማ ኖሮ እመጣ ነበር።»

እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ውሸት ነው፣ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፣ ሁለት ጊዜ እንቢ ያልኳት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ፤ አይ፣ ምን ታደርጊ፣ ካልሰማሽ አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ የልጇን ቆብ አስተካከለች። ወደ ቤት ተመለስን። ከዚያ በኋላ እሱ እስኪሞት ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን፤ አልነገርኩትም።